«ስንተኛሽ ነው?» ሳይባል የሚጀመር ክፍል፦ የአንድ የጎንደር የነፍሰ ጡሮች ትምህርት ጉዳይ

ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡሮች የወሊድ ዝግጅት ትምህርት ይሰጣል። ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። አንዳንድ ሳምንት አሥር ሴቶች ይመጣሉ፣ አንዳንድ ሳምንት ሃያ ይሞላሉ። ከአዘዞ በታክሲ የምትመጣ አለች፣ ከማራኪ ባጃጅ የምትይዝ አለች፣ ከአዲስ ዓለም ከእህቷ ጋር የምትመጣ አለች። የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ የኮሌጅ ተማሪ ከአራት ልጆች እናት አጠገብ ትቀመጣለች። ክፍሉን የምትመራው አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሁሉም «ሲስተር» ይሏታል። እኔ የገባሁበት የጤና ትምህርት ዝግጅት ላይ ስለምሠራ ነው። የክፍሉን አጀማመር አብረን እንድናስተካክለው ጠየቀችኝ። የሆነውን እጽፋለሁ፤ የሴቶቹን ማንነት የሚያሳውቅ ነገር ግን አላስገባም።

ችግሩ ዝምታ ነበር። ሲስተር የእርግዝና አደገኛ ምልክቶችን አስተምራ ስትጨርስ «ጥያቄ ያላችሁ?» ትላለች። ትንፍሽ የሚል የለም። ሁሉም ነጠላቸውን አስተካክለው ለመነሣት ይዘጋጃሉ። ከዚያ ውጪ፣ ግቢው በር ላይ፣ ባጃጅ ሲጠብቁ ወሬው ይደራል። «የኔ እግር እንዲህ ማበጡ ደህና ነው?» «ሽርት ውሃ ከሽንት በምን ይለያል?» «ሲያምጡ ባል ይገባል እንዴ?» ጠያቂዋም መላሿም ነፍሰ ጡሮቹ ራሳቸው ናቸው። ሲስተር ይህን ታውቃለች። «ጥያቄው ሁሉ በሩ ላይ ነው ያለው፤ ወደ ውስጥ እንዴት እናስገባው?» አለችኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አየን። ክፍሉ ሲከፈት እያንዳንዷ ሴት ተነሥታ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ እርግዝናው ስንተኛዋ እንደሆነና ስንት ወር እንደሞላት ትናገር ነበር። ቅደም ተከተሉ ከክትትል ካርዱ የተወሰደ ነው፤ ብዙ ቦታም እንዲሁ ይደረጋል። ለሠራተኛው ቀላል ነው። ለሴቲቱ ግን እያንዳንዱ ጥያቄ የየራሱ ክብደት አለው።

ዕድሜን ውሰዱ። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከእናቷ እኩያ አጠገብ ቆማ ዕድሜዋን ስትናገር ሃያ ዓይን ወደ ጣቷ ይሄዳል፣ ቀለበት አለ ወይስ የለም ብሎ። ወሩም እንዲሁ ነው። በእኛ አገር ሴት መቼ እንደምትወልድ ለማያውቋት ሰዎች በአደባባይ አትናገርም። ዓይን ትፈራለች፣ ወይም ነገሩ በፈጣሪ እጅ ስለሆነ ቀን መቁረጥ ድፍረት ይመስላታል። «እሷ ማርያም ታውቃለች» ብላ የምታልፍ ብዙ ናት። ሲስተር ደግሞ ካርዱ ላይ አይታው ስላወቀችው፣ መልሱ ለማንም አዲስ ነገር አይጨምርም።

ከሁሉም የከፋው «ስንተኛሽ ነው?» የሚለው ነው። ሦስት ጊዜ አርግዛ አንድ ልጅ ያላት ሴት ምን ትበል? አንድ ረቡዕ ጥግ ላይ ተቀምጬ ያየሁት ይህንን ነው። ተራዋ የደረሰ ሴት ተነሣች። ስሟን አለች። «ስንተኛ…» ላይ ስትደርስ ቆመች። ከንፈሯ ሲቆጥር ይታያል። «ሁለተኛ» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ ስባ ተቀመጠች። ያን ቀን ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣትም። ቀጥሎ የተማረችውን መስማቷንም እጠራጠራለሁ።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅበት ልናገር። ግራንትሊ ዲክ-ሪድ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ አንድ ነገር አጥብቆ ይናገር ነበር፦ ፍርሃት ሰውነትን ያጠብቃል፣ የጠበቀ ሰውነት ሕመሙን ያብሳል፣ ሕመሙ ደግሞ ፍርሃቱን ያሳድጋል። ዛሬም ፍርሃትና ጭንቀት ምጥን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ይታወቃል። የወሊድ ትምህርት ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ ያለ ነገር ነው። ሴት ገና በሩን ስትገባ በሚያሳፍር ጥያቄ ከተቀበልናት ግን ሰንሰለቱን ያጠበቅነው እኛው ነን።

አገራችን በዚህ በኩል ብዙ መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት በጤና ተቋም የተከናወነ ወሊድ 26 በመቶ እንደነበር ያሳያል፤ በ2019ኙ አነስተኛ ጥናት 48 በመቶ ደርሷል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የሠሩት ሥራ፣ የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ፣ ከጤና ጣቢያ አጠገብ የተሠሩ የእናቶች ማቆያዎች፣ ለአራሷ እዚያው የሚገነፋው ገንፎ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ሴቶቹ እየመጡ ነው። ከመጡ በኋላ እንዲናገሩ ማድረግ የቀረ ሥራ ነው።

መጀመሪያ የነካነው መቀመጫውን ነው። ክፍሉ ወደ ጥቁር ሰሌዳ የዞሩ አግዳሚ ወንበሮች ነበሩት። ወንበሮቹን ግድግዳ አስጠግተን ክብ አደረግናቸው፤ ጀርባቸውን የሚያማቸው ግድግዳ እንዲደገፉ፣ መሬት መቀመጥ የምትመርጥም ፍራሽ እንድታገኝ። በአሜሪካ ሻሮን ሺንድለር ራይዚንግ የተባለች አዋላጅ ነርስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሴንተሪንግ ፕሬግናንሲ የተባለውን የቡድን ክትትል ስትጀምር ከመሠረቶቹ አንዱ ክብ መቀመጫ ነበር። ሌላው ደግሞ ሴቶቹ ሲመጡ ክብደታቸውን ራሳቸው እንዲመዝኑና ካርዳቸው ላይ ራሳቸው እንዲጽፉ ማድረግ ነው። ይህን ሁለተኛውንም ወሰድነው። ቀድማ የመጣች ሴት እጇ ሥራ አገኘ። ማንበብ የምትችል ላልቻለችው ታነብላታለች፤ ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ትደግፋታለች። ሁለት የማይተዋወቁ ሴቶች ስማቸውን ሳይለዋወጡ ተነካክተዋል፣ ተሳስቀዋል። የመግባቢያ ጨዋታ ብዬ ባልጠራውም ከሁሉም በላይ የሠራው ይህ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ቡና። «ቡና አፍሉላቸው» ማለት ለጎንደር ሰው ምክር አይደለም። ግን ለነፍሰ ጡሮች ክፍል የራሱ ጣጣ አለው። ገና ሦስት ወር ያልሞላት ሴት የሚቆላ ቡና ጢስ ያቅለሸልሻታል፤ አንዷ ተነሥታ ሮጣ ስትወጣ አይተናል። ስለዚህ ቡናው ውጪ በረንዳ ላይ ተቆልቶ ጀበናው ብቻ ይገባል። ሲኒው ትንሽ ነው፣ ቁርሱ ቆሎ ነው፤ ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ ጿሚዋም አትቸገርም። ደግሞም ቡናው ራሱ ትምህርት ወለደ። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ከጤና ጣቢያ የሚሰጣቸውን የደም ማነስ መከላከያ የአይረን ክኒን ከቡና ጋር ይውጡት ነበር። ቡናና ሻይ አይረን በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ሲስተር ሲኒውን በእጇ እንደያዘች «ክኒኗን ከዚህ አርቋት፣ በውሃ ዋጧት» አለች። ከፖስተር ላይ ስንት ወር ሲነበብ የኖረው ነገር ያን ቀን ገባ።

ምርቃቱም ተስተካከለ። ቀድሞ አንድ ሰው «ማርያም በሽልም ታውጣችሁ» ብሎ ይከፍት ነበር። ጥሩ ምርቃት ነው፣ ለብዙዎቹ ከልብ የሚገባ። ክፍሉ ውስጥ ግን ሙስሊም እናቶችም አሉ። አሁን በዕድሜ ከፍ ያለች ክርስቲያን ሴት በራሷ ትመርቃለች፣ ቀጥላ ሙስሊሟ በራሷ ዱዓ ታደርጋለች፣ ሁሉም አሜን ይላል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ጨዋታዎቹ ልግባ። የመግባቢያ ጨዋታ ሲባል በየሥልጠናው የለመድናቸው አሉ፤ ኳስ እየወረወሩ ስም መጥራት፣ መዝለል፣ ማጨብጨብ፣ «ሁለት እውነት አንድ ውሸት»። ለተግባር ልምምድ የመጡ ተማሪዎች አንዳንዶቹን ሞክረዋቸዋል። ኳሱ ሲወድቅ ስምንት ወር የሞላት ሴት ጎንበስ ብላ ማንሣት አትችልም። «ሁለት እውነት አንድ ውሸት» ሲባል ደግሞ አንዲት እናት በትሕትና ግን በቁርጥ «እኔ በዚህ ሆዴ ውሸት አልናገርም» አለች። እውነቷን ነው። ማርያምን ቀንና ሌሊት እየጠራች ያለች ሴት ለጨዋታም ቢሆን ዋሽታ መሄድ አትፈልግም። የልጁን ፆታ መገመት፣ ስም ማውጣት የሚባሉትንም አልነካናቸውም። በእኛ ዘንድ ያልተወለደ ልጅ ስም አይወጣለትም፤ ክርስቲያኑ ለክርስትናው ወንድ ልጅን እስከ 40 ቀን፣ ሴት ልጅን እስከ 80 ቀን ይጠብቃል፣ ሙስሊሙም ስም የሚያወጣው ከወሊድ በኋላ ነው።

እኛ የያዝነው መመሪያ አንድ ነው፦ ሴቲቱ ስለ ራሷ እንድትናገር ከመጠየቋ በፊት ስለ ሌላ ነገር ትናገር። ስለ ዕቃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ሰፈር ወሬ። ስለ ራሷ ስትፈልግ ትመጣበታለች።

የመጀመሪያው ጨዋታ የሰፌዱ ነው። ሰፌድ ላይ ዕቃ ይደረደርና በነጠላ ይሸፈናል። የክትትል ካርድ፣ ስልክ፣ የሕፃን ኮፍያ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የቤት ቁልፍ፣ ጥቂት ብር፣ ቀይ ክር። እያንዳንዷ እጇን ነጠላው ሥር አስገብታ አንድ ታወጣለች፤ ምጥ በመጣ ቀን ይህ ነገር ምን ይሠራል ብላ ትናገራለች። ካልመጣላት ለጎረቤቷ ትሰጣለች። በቃ።

ቀላል ይመስላል። የሚያወጣው ነገር ግን ብዙ ነው። ኮፍያው የደረሳት ልጅ ሳቀች፣ «ለማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም» አለች። ሲስተር አዲስ የተወለደ ሕፃን ሙቀት በጭንቅላቱ በኩል ቶሎ እንደሚያጣ፣ ደርቆ በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ መተኛት እንዳለበት፣ የመጀመሪያው ገላ መታጠብም እስከ 24 ሰዓት ቢቆይ እንደሚመከር አስረዳች። ቁልፉ የደረሳት የልጆች እናት ረጅም ዝም ብላ አየችው። ከዚያ «ሌሊት ቢመጣብኝ ትንንሾቹን ለማን ትቼ?» አለች። ክፍሉ በአንዴ ተንጫጫ። ሁሉም የየራሷን ጎረቤት አነሣች። አንዷ «ምጡ ከመጣብሽ በኋላ ሳይሆን ከአሁኑ ንገሪያት፣ ቁልፉንም አስቀርጪላት» ብላ መከረች። ሲስተር ምንም አልጨመረችም። ስለ ወሊድ ቅድመ ዝግጅት ልታስተምር ያሰበችው ግማሹ በሴቶቹ አፍ ተነግሯል።

ቀዩ ክር ደግሞ ማንም የማይፈታው ነው። «ለእትብት?» ትላለች አንዷ። «ለዓይን ይሆናል፣ ሕፃኑ እጅ ላይ ይታሰራል» ትላለች ሌላዋ። ሲስተር ሁሉንም ሰምታ ትጨርስና «ደም ነው» ትላለች። ያኔ ክፍሉ ጭጭ ይላል። በወሊድ ጊዜና ከወሊድ በኋላ የሚመጣ መድማት በዓለም ላይ እናቶችን ከሚገድሉ ቀጥተኛ ምክንያቶች ቀዳሚው ነው። ስለዚህ ከቤተሰብ ደም ሊሰጥ የሚችል ሰው ከአሁኑ ማሰብ ያስፈልጋል። ነገሩ ከባድ ነው፣ በጨዋታ መሃል መግባቱ አንዳንድ ሰው ላይደሰትበት ይችላል። እኔ ግን እዚያ ቦታ መግባቱ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ሴቶቹ ስቀዋል፣ ተነጋግረዋል፤ ከባዱን ነገር የሚሰሙት ለብቻቸው አይደለም።

ሁለተኛው «ሰማሁ» ይባላል። አጀማመሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሰማሁ፣ እርጉዝ ሴት…»። የራሷን እምነት አትናገርም፣ የሰማችውን ነው። አማች ያለችውን፣ ጎረቤት ያለችውን፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ የተባለውን። ማንም «ልክ ነሽ»፣ «ተሳስተሻል» አይባልም። ሲስተር ሁሉንም ሰምታ በመጨረሻ ትመለስበታለች።

«ሰማሁ፣ እርጉዝ ሴት ሙዝና ወተት ካበዛች ልጁ ላይ ይለጠፋል።» ይህ ያልተነሣበት ቀን የለም። ብዙ ሴቶች ሕፃን ሲወለድ ቆዳው ላይ ነጭ ቅባት አይተዋል፤ ወተቱ ነው፣ ሙዙ ነው፣ አቮካዶው ነው ይባላል። ፈርተው የተዉት ምግብ ደግሞ በጣም የሚያስፈልጋቸው ነው። ሲስተር ነጩ ነገር ሕፃኑ በሽርት ውሃ ውስጥ ሲኖር ቆዳውን የሚጠብቅ የራሱ ቅባት መሆኑን ትነግራቸዋለች። የበላችም ያልበላችም እናት ልጅ ይኖረዋል። ቶሎ አጥቦ ማውጣትም አያስፈልግም። አንድ ቀን የአራት ልጆች እናት «የመጨረሻዬ ላይ ምንም ሳልበላ ነበር የወለድኩት፣ እሱም ነጭ ነበር» ብላ ደገፈቻት። ከሲስተር ንግግር ይልቅ ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ሠራች።

«ሰማሁ፣ ብዙ ከበላሽ ልጁ ተልቆ ምጡ ይከብዳል።» «ሰማሁ፣ ሐኪም ቤት ሁሉንም ቀድደው ነው የሚያዋልዱት።» «ሰማሁ፣ ብቻሽን ነው የሚያስገቡሽ፣ እናትሽን ውጪ ያስቀሯታል።» የመጨረሻው የምር ፍርሃት ነው፤ በየቤቱ የሚያስቀር ፍርሃት። የዓለም ጤና ድርጅት ሴት በምጥ ጊዜ የመረጠችው ሰው አጠገቧ እንዲኖር ይመክራል። ሲስተር ይህን ስትናገር በጤና ጣቢያው ስም ቃል እየገባች ነበርና አስቀድማ ከኃላፊዎቿ ጋር መነጋገር ነበረባት። ተነጋገረች፣ ፈቀዱላት። ይህ ለአስተማሪ ትልቅ ጉዳይ ነው። ክፍሉ ውስጥ የተነገረው ማዋለጃ ክፍል ካልተገኘ ሁለተኛ የሚያምንሽ የለም።

በ«ሰማሁ» ላይ ያየሁትን አንድ ነገር ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። ያቺ «ሁለተኛ» ብላ የተቀመጠችው ሴት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሳ መጣች። ተራዋ ሲደርስ «ሰማሁ፣ አንዲት የሰፈራችን ሴት ልጇ ሳያለቅስ ተወለደ» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ዓይኗ ግን ሲኒው ላይ ነበር። ሁሉም የገባቸው ይመስለኛል። ማንም «ማን ናት?» ብሎ አልጠየቀም። አጠገቧ ያለችው ሴት «እግዜር ያጽናት» አለች፣ ሌላዋ «የእኔ ዘመድም ላይ ደርሷል» አለች። ሲስተርም አልተከተለቻትም። «ልጅ በሆድ ውስጥ መንቀሳቀሱ ሲቀንስብሽ ነገ ይሻለኛል አትበይ፤ ያኔውኑ ነይ» አለች፣ ለሁሉም፣ ማንንም ሳታይ። ክፍሉ ሲያልቅ ሴትዮዋ ሲኒ ለማጠብ ቀረች። ሲስተርም አብራት አጠበች። ሴትዮዋ ያለፈውን እርግዝናዋን ሁሉ የነገረቻት እዚያ ነው፣ እጃቸው ውሃ ውስጥ እያለ። ከዚያ በኋላ ክትትሏ ወደ ሆስፒታል ተላለፈ፤ ታሪኳን ማወቅ ለሕክምናዋ አስፈላጊ ነበርና። ካርዷ ላይ ቀድሞ የተጻፈው «ሁለተኛ እርግዝና» የሚል ነበር።

ሦስተኛው የሰፈር ነው። መሬት ላይ ምንም አይሣልም፣ ወረቀት የለም። ሲስተር ክፍሉ መሃል ትቆምና «እኔ ፒያሳ ነኝ እንበል። አዘዞ በዚህ፣ ማራኪ በዚህ፣ ቅዳሜ ገበያ በዚህ፤ ወደ የሰፈራችሁ ቁሙ» ትላለች። መቆም የከበዳት ከተቀመጠችበት ትጠቁማለች። ያኔ ነው አንድ ሰፈር ሆነው ሳይተዋወቁ የኖሩ ሴቶች የሚገናኙት። «አንቺ እዚያ ዳቦ ቤቱ ጋ ነሽ? እኔ እኮ ከኋላው ነኝ!» ቀጥሎ ሁለት ጥያቄ ይመጣል፦ ሌሊት ምጥ ቢመጣ መኪና ወይም ባጃጅ ያለው ማን ነው? ስልኩንስ ማን ያውቃል? አዘዞ ከመሃል ከተማ ይርቃል፤ ሌሊት ባጃጅ እንደ ልብ አይገኝም። የአዘዞዎቹ እዚያው ቆመው የአንድ ባለ ባጃጅ ስልክ ተቀባበሉ። የአምቡላንሱንም ስልክ ሲስተር አጻፈቻቸው። ትውውቁና የመጓጓዣ ዕቅዱ አንድ ሆኑ። ይህን ጨዋታ በጣም እወደዋለሁ። አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሴቶቹ ቤታቸው ሲገቡም አይቋረጥም። አንዷ ስትቀር ሌላዋ «እሷ ዛሬ አልተመቻትም፣ ደውዬላታለሁ» ብላ ትመጣለች።

በወር አንድ ረቡዕ ደግሞ አጃቢዎች ይጋበዛሉ። ባል፣ እናት፣ እህት፣ አማት። በእኛ አካባቢ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳልና ብዙዎቹ የሚያመጡት እናታቸውን ነው። ለእናቶቹ የተለየ ጨዋታ አላስፈለጋቸውም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀርብላቸዋል፦ «እርስዎ ሲወልዱ አጠገብዎ ማን ነበር? ምንስ አደረጉልዎ?» መልሱ ይዘንባል። ወገቤን ያሹልኝ ነበር፣ ማርያም ማርያም ይሉልኝ ነበር፣ ቅቤ አናቴ ላይ አደረጉልኝ። አንዲት እናት ሲስተርን ይዛ የወገብ አስተሻሸቱን አሳየቻት፤ ሲስተርም ያንኑ ለባሎቹ አስተማረች። የቀደመውን ሁሉ «ጎጂ ልማድ» ብሎ የሚጀምር ክፍል እነዚህን ሴቶች ያጣቸዋል። አጠገብ ሆኖ ማሸት፣ ማበረታታት፣ ውሃ ማጠጣት ዛሬም የሚመከር ነው። ሆድ መጫን፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት መስጠት የመሳሰሉት የሚቀሩት ከዚያ ቀጥሎ ሲነገሩ ነው፤ አክብረሽ ከሰማሻቸው በኋላ ይሰሙሻል።

ባሎቹ ግን ሲገቡ በር ላይ ይቆማሉ። ስልካቸውን ያያሉ። ለእነሱ አምስት ኪሎ ጤፍ በከረጢት አዘጋጅተን በመቀነት ሆዳቸው ላይ እናስርላቸዋለን። «ጫማዎን ያውልቁና መልሰው ይሰሩት»፣ «ፍራሽ ላይ ተኝተው ይነሡ»። ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። አንድ ጋሼ ግን፣ ጎልማሳ ሰው፣ ከፍራሹ ለመነሣት ወደ ጎኑ ዞሮ በክርኑ ተደግፎ ተነሣና ሳይስቅ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሌሊት ሌሊት እንዲህ ነው የምትነሺው?» አላት። «እንዲህ ነው» አለችው። ጥያቄ የጀመረው ከዚያ ነው፣ እስከ መጨረሻውም አላቆመም።

ለጥንዶች የምንሠራው ሌላው የአንዷ ደቂቃ ነው። በሌላ አገር የወሊድ ክፍሎች ሰው በእጁ በረዶ ጨብጦ የምጥን ቆይታ እንዲለማመድ ይደረጋል። እኛ ጋ በረዶ ከየት ይመጣል? ሁለት እጅ ወደ ጎን ዘርግቶ መያዝ ይበቃል። ምጥ ሲጠነክር አንዱ ሕመም መጥቶ እስኪሄድ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። መጀመሪያ ዝም ብለው ይይዛሉ፤ ደቂቃዋ አታልቅም። ሁለተኛ ጊዜ በረጅሙ እየተነፈሱ፣ አጃቢው ከኋላ ትከሻቸውን እያሸ፣ «አለቀ፣ ትንሽ ቀረሽ» እያለ ይይዛሉ። ያው ደቂቃ ነው፣ ግን ታጥራለች። ድካም እንዳይሆንባት የፈለገች ተቀምጣ ትሠራለች፤ ማዞር የሚያስቸግራት ወይም ደም ግፊቷ ከፍ ያለባት ታያለች እንጂ አትሠራም።

ጎንደር ለዚህ ዓይነት ሥራ ባዕድ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጁ ሲከፈት ሄልዝ ኦፊሰሩ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው አብረው ተምረው አብረው ወደ ሕዝቡ እንዲወጡ ተደርጎ ነበር። ዛሬ ለተግባር ልምምድ የሚመጡት ተማሪዎች ሰፌዱን ሲያዩ ይገረማሉ። እኔ የምላቸው ጨዋታውን እንዳለ ወስደው ወደ ሌላ ቦታ እንዳይተክሉት ነው። ደባርቅ ላይ ወይም ቋራ ላይ ሰፌዱ ውስጥ የሚገባው ዕቃ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ መንገዱም፣ ፍርሃቱም። መጀመሪያ በሩ ላይ ይቁሙና ሴቶቹ ሲወጡ የሚያወሩትን ይስሙ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ መክፈቻው አቦል ተጠጥቶ እስኪያልቅ ነው። በአንድ ቀን አንድ ጨዋታ እንጂ ሁለት አይሠራም። ሴቶቹ ቤት ጥለው፣ እንጀራ ሳይጋግሩ፣ ልጅ ለጎረቤት ትተው ነው የመጡት፤ ዋናው ትምህርት እንዳይበላ ሲስተር ጠበቅ ታደርጋለች። አርፍዳ የመጣችም እንደገና ራሷን አስተዋውቂ አትባልም። በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት ተነሥታ ቦታ ትሰጣታለች፣ ሲኒ ታቀብላታለች፣ ሰፌዱ ላይ የቀረ ዕቃ ካለም ነጠላውን ገለጥ አድርጋ «ያንቺ ይሄ ነው» ትላታለች።